ፊታውራሪ ጎልፍ ሲማሩ

ፊታውራሪ የሻው ስድሳ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ሲቀራቸው እንደገና ተማሪ ሆኑ። ፊደል እንዳይመስላችሁ፤ ፊደሉንማ በልጅነታቸው ከየኔታ እግር ሥር ቁጭ ብለው ጨርሰውታል። አሁን የተማሩት የጎልፍን ቋንቋ ነው። ጎንደር እንዲህ ያለ ጉድ ሰምታ አታውቅምና ወሬው ከአራዳ ሱቆች ተነሥቶ አዘዞ ለመድረስ ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀበትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። በከተማው ጤና ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ የውጭ አገር ሐኪሞች ከአዘዞ ሜዳ ጥግ ከብት የሚግጥበትን ሣር አሳጭደው፣ እዚህም እዚያም ትንንሽ ጉድጓድ ቆፍረው፣ በየጉድጓዱ ባንዲራ ተክለው፣ እንቁላል የምታህል ነጭ ኳስ በብረት ዱላ መምታት ጀመሩ። ፊታውራሪ አንድ ቀን በማኪና ሲያልፉ አዩና አስቆሙ። "ይኸማ የገና ጨዋታ ነው!" አሉ። በወጣትነታቸው የገና ዕለት የእንጨቷን ኳስ፣ ሩሯን፣ መትተው ወንዝ የሚያሻግሩ ጎበዝ ነበሩ። ወርደው ዱላውን ተቀበሉና አንዴ ቢያሳርፉባት ኳሷ ከሐኪሞቹ ባንዲራ አልፋ፣ ከሜዳው አልፋ፣ የት እንደገባች ሳትታወቅ ቀረች። ሐኪሞቹ አጨበጨቡ። ከዚያች ቀን ወዲህ ጨዋታው ደማቸው ውስጥ ገባ።

ያስቸገራቸው ክንዳቸው ሳይሆን ጆሯቸው ነው። ሐኪሞቹ ሲጫወቱ ከሚመቱት የሚያወሩት ይበልጣል፤ ፊታውራሪ ደግሞ ባልገባቸው ወሬ መካከል እንደ ምሰሶ መቆም የሚሆንላቸው ሰው አይደሉም። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ በአስተርጓሚነት የሚሠራውን ሐብተ ማርያምን አስጠሩት። "የጨዋታውን መጽሐፍ ይዘህ በየቅዳሜው ና፤ ቃሉን አንድ በአንድ ታስረዳኛለህ" አሉት።

ሰብለ ወንጌል፣ አንድ ልጃቸው፣ ትምህርቷን አዲስ አበባ ጨርሳ የተመለሰችው በዚሁ ሰሞን ነበር። እናቷ ወይዘሮ ወለተ ሚካኤል ካረፉ ወዲህ የጓዳው ቁልፍ በእጇ ነው። እንግሊዝኛ አጣርታ ታነባለችና አባቷ "አንቺም አብረሽ ተቀመጪ፤ ይኸ የመሪጌታ ልጅ የሚነግረኝ እውነት ይሁን አይሁን ጠብቂልኝ" አሏት። ፊታውራሪ በጠላት ዘመን ብዙ ጎበዝ መርተዋል፤ ዘበኛ አመዳደብ ላይ ግን ያን ዕለት ተሳሳቱ።

ሐብተ ማርያም ከቄስ ትምህርት ቤት የወጣ ልጅ ነው። አባቱ መሪጌታ ወልደ ዮሐንስ ድጓ ያስተምራሉ፤ እሱም ቅኔ ተምሮ ዘግይቶ ነው አስኳላ የገባው። ስለዚህ ጎልፍንም ያስተማረው በሚያውቀው አንድ መንገድ ነው፤ መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ትርጓሜ። የጎልፍ ዱላ በእጁ ነክቶ እንደማያውቅ ለማንም አልተናገረም፤ የጠየቀውም የለም።

"ፌርዌይ" ይላል፣ ጣቱን ከመጽሐፉ ላይ አሳርፎ።

"ፌርዌይ" ይላሉ ፊታውራሪ፣ ድምፃቸው አዳራሹን ሞልቶ።

"ራፍ።"

"ራፍ!"

ከበሩ የቆመው ሽማግሌው አሽከር አለኸኝ ሳይቀር ከንፈሩን ያንቀሳቅስ ነበር።

"ንባቡስ ሆነ። ትርጓሜው?"

"ፌርዌይ የታጨደው መንገድ ነው ጌታዬ። ኳሱ እዚያ ካረፈ ለመምታት ይመቻል። ራፍ ከዳር ያለው ያልታጨደ ሣር ነው፤ እዚያ የገባ ይቸገራል። በጉድጓዱ ዙሪያ ያለው የተላጨው ሣር ደግሞ ግሪን ይባላል፤ አረንጓዴው ማለታቸው ነው።"

"አይቸዋለሁ። ቢጫ ነው።"

"በአገራቸው ሁልጊዜ ይዘንባል ጌታዬ።"

"ምነው ታዲያ ዝናቡንም ይዘውት ቢመጡ!" አሉና ሣቁ። ሰብለ ወንጌልም ሣቀች። ሐብተ ማርያም ብቻ አልሣቀም፤ የሣቋን ድምፅ ሰምቶ የሚያነበው መስመር ጠፍቶበት ነበር።

ሃንዲካፕ የሚባለው ቃል ዘንድ ሲደርሱ ነገሩ ከረረ። ሐብተ ማርያም አስረዳ፤ ደካማው ከብርቱው ጋር ሲገጥም ከደካማው የምት ቁጥር ላይ ጥቂት ይቀነስለታል፤ በዚያ ይስተካከላሉ።

"ምጽዋት በለኛ!" አሉ ፊታውራሪ ፊታቸውን አጥቁረው።

"ምጽዋት አይደለም ጌታዬ። ምጽዋት የሰጠ ሰው ሰጥቶ መንገዱን ይሄዳል። ይኸ ግን አብረው እንዲቆዩ ነው። ይህ ሕግ ባይኖር ብርቱው ሰው አብሮት የሚጫወት አያገኝም፤ ብቻውን ይቀራል።"

"ይቅር! ሰው መጫወትም ከአቻው ነው፤ መጋባትም ከአቻው ነው። አቻ ያልሆነ ባይገናኝ ምን ይጎድላል?"

ሐብተ ማርያም ዓይኑን ወደ መጽሐፉ መለሰ። ጣቱ ከቃሉ ላይ እንደቆመ ቀረ። ሰብለ ወንጌል ቀለም የነካውን ያን አውራ ጣት አየችና፣ ምን እንደሆነ ሳታውቀው፣ አባቷ ያሉት ነገር ለእሷ የተባለ ያህል ደረቷን ወጋት።

እውነቱን ለመናገር ፊታውራሪ ክፉ ሰው አይደሉም። በቤታቸው መሪጌታ ይከበራል፤ በሰንበት ይጋበዛል፤ የደብተራ ወገን ነውና አስማት ያውቅ ይሆናል ተብሎም ይፈራል። ልጅ ግን አይሰጠውም። ይህን የደነገጉት እሳቸው አይደሉም፤ ሲወለዱ ያገኙት ነው። ደግሞም ከደብረ ታቦር ሽማግሌ መጥቷል። ግራዝማች ፋንታሁን የሚባል፣ መሬቱ ብዙ፣ ወገኑ የታወቀ ሰው ልጅቱን ጠይቆ "ከፋሲካ በኋላ ተመለሱ" ተብሏል። ሰብለ ወንጌል ግራዝማቹን ያየችው ሁለት ጊዜ ነው። ጨዋ ሰው ነው። ስትናገር ሰዓቱን ያያል።

ሁዳዴ ገባ። አንድ ቅዳሜ ትምህርቱ መካከል ላይ ከመካነ ብርሃን በወሰን የተጣሉ ባላገሮች መጡና ፊታውራሪ ለዳኝነት ወደ ግቢው ወጡ። አዳራሹ ውስጥ መምህሩ፣ ልጅቱና ከጥግ ጥጥ የምትፈትለው ሞግዚቷ ደብሪቱ ቀሩ። ደብሪቱ ሰብለ ወንጌልን ጡት አጥብታ ያሳደገች ሴት ናት፤ መቼ መስማት እንዳለባትና መቼ እንደሌለባት ጠንቅቃ ታውቃለች።

"እስኪመለሱ እንቀጥል" አለች ሰብለ ወንጌል። "ይኸኛው አንቀጽ ምን ይላል?"

ሐብተ ማርያም አነበበና ተረጎመ። "ኳሱ ጉድጓዱ አፍ ላይ ከደረሰ፣ ተጋጣሚው 'ይህችን ሰጥቼሃለሁ፤ አንሣት' ሊለው ይችላል ይላል። እንደመታትና እንደገባች ትቆጠርለታለች።"

"ለምን ብሎ ይሰጠዋል?"

"እንደማይስታት ስለሚያምነው።"

"እምቢ ቢልስ?"

"እምቢ ማለት የለም። የሰጠውም መልሶ አይወስድም። ቃሉ ከወጣ በኋላ ቢመታት እንኳ፣ ቢስታት እንኳ፣ ያው የእሱ ናት።"

"ይኸማ በእኛ አገር አይሠራም" አለች ፈገግ ብላ። "በእኛ አገር ደጋግሞ ሳይለመን እሺ ያለ ሰው ስድ አደግ ይባላል።"

"አውቃለሁ። እኔም እንደዚያው ነው ያደግሁት፤ እምቢ ማለትን እየተማርኩ።"

"ምን ተሰጥቶዎት ነው እምቢ ያሉት?"

መጽሐፉን አጠፈው። ከዚያ መልሶ ገለጠው። "እስካሁን የተሰጠኝ የለም ወይዘሪት ሰብለ ወንጌል። ቢሰጠኝ እምቢ ማለት እንዳለብኝ ግን ሌሊት ሌሊት ለራሴ እነግረዋለሁ።"

ከጥግ የደብሪቱ እንዝርት ቆመች። ሰብለ ወንጌል ቀና ብላ አየችው፤ እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን አልሰበረም። ሰው ሰውን እንዲህ አይቶ እንደ ድሮው ሊቀመጥ አይችልም።

"እንግዲያው ለራስዎ የሚነግሩትን ይለውጡት" አለች በቀስታ።

ፊታውራሪ ባላገሮቹን አስታርቀው ደስ እያላቸው ተመለሱ። "የት ደረሳችሁ?" ሲሉ ሐብተ ማርያም ገጹን ገለጠና ከሚቀጥለው አንቀጽ ጀመረ። ያቺ የስጦታ ሕግ በዚያው ታለፈች። ያስታወሳት አልነበረም፤ ሁለቱም ልባቸው ሌላ ቦታ ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ሐብተ ማርያም ሌላ ሰው ሆኖ መጣ። ፊቱን ወደ ፊታውራሪ ብቻ አዙሮ አነበበ፤ ተረጎመ፤ ሄደ። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ሰብለ ወንጌል እልህ ያዛት። "ምነው ደብርዬ፣ ምን አደረግሁት?" ብላ ሞግዚቷን ጠየቀቻት፤ ድምፅዋ ውስጥ እንባ ነበር።

"አንቺስ ምን ታደርጊዋለሽ" አለች ደብሪቱ። "አባቱን መሪጌታን 'ሽማግሌ ሆነው ይሂዱልኝ' ብሎ እግራቸው ላይ ወድቆ ነበር አሉ። እሳቸው ደግሞ 'በሸመገልኩበት እምቢ ተብዬ በአደባባይ አልመለስም፤ ልጄ ሆይ፣ ዓይንህን ከዚያ ቤት አንሣ' አሉት። እሱም እሺ አለ። ያንን እሺታ ነው የሚጠብቀው እንጂ አንቺንስ አልጠላ፤ ወጥቶ ሲሄድ ከአጥሩ ጥግ ቆሞ አይቸዋለሁ።"

ሰብለ ወንጌል ያን ቀን ምሳ አልበላችም። የሚወዳት ሰው ከአጥሩ ውጪ፣ እሷ ከአጥሩ ውስጥ፤ በመካከላቸው ሁለት የተከበሩ አባቶች። ማንን ትጥላ?

ፋሲካ አለፈና የደብረ ታቦር ሽማግሌዎች መመለሻ ቀረበ። ሰብለ ወንጌል ጠዋት አባቷ ቁርስ ላይ ሳሉ ገብታ ቆመች።

"አባባ፣ ግራዝማች ፋንታሁንን አላገባም።"

ፊታውራሪ የያዙትን ጉርሻ አስቀመጡት። "ማን ጠየቀሽ?"

"እርስዎ እንዲጠይቁኝ ነው የምለምነው።"

በዚያ ቤት እንዲህ ተብሎ አያውቅም። ፊታውራሪ መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ የልጃቸው ድፍረት የራሳቸውን ወጣትነት አስታወሳቸውና ቁጣቸው ወደ ጨዋታ ዞረ። "ደግ!" አሉ። "እሑድ ከሐኪሙ ከዶክተር ሞሪስ ጋር እገጥማለሁ። ያ ሽማግሌ ካሸነፈኝ የልብሽን ትናገሪያለሽ፤ እሰማሻለሁ። ካሸነፍኩት ግን አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ደብረ ታቦር ትሄጃለሽ።"

"ይማሉልኝ።"

"በእናትሽ አፅም!"

በዚያ ግቢ ምሥጢር የማይሰማው ውሻው ብቻ ነው። ምሳ ሳይደርስ አለኸኝ ለፈረስ ያዡ፣ ፈረስ ያዡ ለጠጅ ጣይዋ ነገራት፤ ማታ ላይ ወሬው ሐብተ ማርያም ጆሮ ደረሰ። እሑድ የሁለቱን ተጫዋቾች ቋንቋ የሚተረጉመው እሱ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ የአዘዞ ሜዳ ሰው በሰው ሆነ። አለኸኝ የዱላዎቹን ቦርሳ ተሸክሞ እንደ ጦር ሜዳ ከጌታው ኋላ ኋላ ይከተላል። አሽከሮቹ ፊታውራሪ ሊመቱ በተነሡ ቁጥር እንደ ገና ጨዋታ ሊጨፍሩ ይቃጣቸውና ሐብተ ማርያም "በዚህ ጨዋታ ሰው ሲመታ ዝም ነው የሚባል" እያለ ያበርዳቸዋል። "ዝም ተብሎ ምን ጨዋታ ነው!" አሉ አሽከሮቹ ተቆጥተው። ዶክተር ሞሪስ ቀይ ፊት፣ ቀጭን እግር፣ ባርኔጣቸውን ለሴት ሁሉ የሚያነሡ ደግ ሽማግሌ ናቸው። ከአማርኛ የሚያውቁት ሰላምታና የበሽታ ስም ብቻ ነው።

ሰብለ ወንጌል ጥላዋን ይዛ ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ተከተለች። በእያንዳንዱ ጉድጓድ አነስ ባለ ምት የገባ ያን ጉድጓድ ያሸንፋል። አንዱን አባቷ፣ አንዱን ዶክተሩ፤ አንዱን አባቷ፣ አንዱን ዶክተሩ። የአባቷ ኳስ ራፍ ውስጥ ስትገባ ልቧ በደስታ ይዘላል፤ ወዲያው በአባቷ ሽንፈት መደሰቷ ያሳፍራታል። ከሐብተ ማርያም ጋር ዓይን ለዓይን ላለመገጣጠም ሁለቱም እየተጠነቀቁ ዋሉ። ሰው ሲጠነቀቅ ይብስ ይታወቅበታል፤ ደብሪቱ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ "ኧረ እናንተ ልጆች!" ትል ነበር ለራሷ።

መጨረሻው ጉድጓድ ላይ ሲደርሱ እኩል ለእኩል ነበሩ። ሁለቱም ኳሶች በእኩል ምት ቢጫው አረንጓዴ ላይ ወጡ። ከጉድጓዱ የራቀው ቀድሞ ይመታልና ዶክተሩ መቱ፤ ሳቱ፤ ተከትለው አስገቡ። አሁን ለፊታውራሪ አንድ ምት ቀረቻቸው፤ ካገቧት ያሸንፋሉ። ኳሳቸው ከጉድጓዱ አንድ ስንዝር ላይ ተቀምጣለች። ሕፃን ልጅ በጣቱ ቢነካት ትገባለች። አሽከሮቹ እልልታውን አፋቸው ላይ አዘጋጅተው ቆሙ። ሰብለ ወንጌል ጥላዋን አጠፈችው፤ ፀሐይዋም ሜዳውም ተራራውም ደብረ ታቦር ሆነው ታዩዋት።

ዶክተር ሞሪስ ባርኔጣቸውን አነሡና ፈገግ ብለው አንድ ነገር ተናገሩ።

"'ይህችን ሰጥቼዎታለሁ፤ ያንሷት' ይላሉ ጌታዬ" አለ ሐብተ ማርያም። ብሎም ሳይጨርስ ፊቱ ተለወጠ፤ ያቺ የታለፈች አንቀጽ ትዝ አለችው። ሊያክልበት አፉን ከፈተ፤ ግን ፊታውራሪን ማን ይቀድማቸዋል!

"የለም! የለም! እንዴት ተደርጎ!" አሉ እጃቸውን እያወዛወዙ፣ በማዕድ ላይ የተለመነ እንግዳ እንደሚያደርገው። "የሻው ተሰጥቶት አሸነፈ ሊባል ነው? አይሆንም!" ይህን እያሉ፣ ፊታቸው ወደ ዶክተሩ እንደዞረ፣ በአንድ እጃቸው መቷት። ኳሷ ጉድጓዱን ታክካ አንድ ክንድ አለፈች። ሕዝቡ "ውይ!" አለ። ፊታውራሪ ደነገጡ፤ ደንግጠው ዞሩና ከወዲያ መለሷት፤ ከጉድጓዱ ከንፈር ላይ ቆመች። በሦስተኛው ገባች።

ፊታውራሪ ተሸነፉ። አለኸኝ ቦርሳውን መሬት አደረገው።

የሰብለ ወንጌልን ልብ ምን ብዬ ልንገራችሁ! እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም። እሰማሻለሁ ብለዋታል፤ በእናቷ አፅም ምለዋል። ዛሬ ማታ ስሙን ትጠራዋለች። ያን ጊዜ ነው ዶክተር ሞሪስ ራሳቸውን ነቅንቀው ወደ ሐብተ ማርያም የዞሩት። ቶሎ ቶሎ ነበር የተናገሩት፣ እንደ ቀላል ነገር። "አይ፣ አይ፣ እኔ ሰጥቻቸዋለሁ እኮ። ከሰጠሁ በኋላ የመቷት ከቁጥር አይገባም። ያሸነፉት እሳቸው ናቸው፤ ንገራቸው።"

እንግሊዝኛውን ከዶክተሩ በቀር የሰሙት ሁለት ሰዎች ናቸው።

"ምን ይላሉ?" አሉ ፊታውራሪ።

ሐብተ ማርያም ዝም አለ።

"አንተ ልጅ! ምን ይላሉ?"

ሐብተ ማርያምና ሰብለ ወንጌል አሁን አልሸሹም፤ ተያዩ። ሰብለ ወንጌል የሚያስበውን ሁሉ ከፊቱ ላይ አነበበችው። "ጥሩ ተጫወቱ ይላሉ" ብሎ ሊያልፈው ነው። ሦስት ቃል ብቻ ይበቃዋል። ዶክተሩ አያውቁም፣ አባቷ አያውቁም፣ ሜዳው የሞላው ሰው አያውቅም። ሲያነብ አንዲት ፊደል የማይዘል ሰው ለእሷ ሲል ሊዋሽ ከንፈሩ ተከፈተ። ደስ አላት። አልደብቃችሁም፣ እስከ አጥንቷ ድረስ ደስ አላት፤ የዚህን ያህል ወዶኛል አለች።

ወዲያው ደግሞ ፈራች። ይህ ሰው ይህን ዋሽቶ ነገ ፊታውራሪን አባቴ ብሎ እንዴት ያያቸዋል? አንዴ ውሸት የተረጎመ አፍ "እወድሻለሁ" ሲላት እሷስ በምን ታውቀዋለች? ደግሞም አባቷ ሕጉን ያላወቁት ለምንድን ነው? ያን ቅዳሜ እነሱ ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ነው ያለፏት። እሳቸው አምነዋቸው ነበር፤ አንዱን መምህር፣ አንዷን ጠባቂ አድርገው። ስለ ራሷ ብትዋሽ ይቀላት ነበር፤ በአባቷ አለማወቅ ላይ ቆሞ ማግባት ግን ከበዳት።

"አባባ" አለች። ድምፅዋ ለራሷ እንግዳ ሆነባት። "አሸንፈዋል።"

"እ?"

"ዶክተሩ 'ሰጥቻቸዋለሁ' ብለዋል። በዚህ ጨዋታ ሕግ የተሰጠ ነገር እምቢ አይባልም። ከዚያ በኋላ የመቱት አይቆጠርም። ሕጉን እኔና መምህሩ አንብበነው ነበር፤ ሳንነግርዎ ያለፍነው እኛ ነን። ያሸነፉት እርስዎ ነዎት።"

አሽከሮቹ ይህን ሲሰሙ የያዙትን እልልታ ለቀቁት፤ ዱላ ወደ ሰማይ ተወረወረ፤ ዶክተሩም አጨበጨቡ። ሰብለ ወንጌል አልሰማቻቸውም። ሐብተ ማርያም ፊቱ አመድ መስሎ ያያት ነበር፤ በዓይኑ ውስጥ ወቀሳ ሳይሆን ከወቀሳ የሚከብድ ነገር አየችበት፤ ምስጋና።

ፊታውራሪ እጃቸውን አነሡና ጭፈራውን አስቆሙ። የዋዛ ሰው አይደሉም። ልጃቸውን አዩ፤ ቀጥለው አስተርጓሚውን አዩ፤ ዓይናቸው እዚያው ቆመ።

"አንተ ለምን ዝም አልክ?"

"ልዋሽዎ ነበር ጌታዬ።"

ከዳር እስከ ዳር ሹክሹክታ ሆነ። የመሪጌታ ልጅ በሕዝብ ፊት እንዲህ ሲል!

"ምን ብለህ?"

"ተሸንፈዋል ብዬ። እሷ ቀደመችኝ እንጂ ውሸቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር።"

"ስለ ማን ብለህ?"

ሐብተ ማርያም ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ አደገደገ፤ ከትልቅ ሰው ፊት እንደሚቆም ሰው። "ስለ እሷ ብዬ ብል ደግ ሰው እመስል ነበር። ስለ ራሴ ነው ጌታዬ። እወዳታለሁ። ደብረ ታቦር ስትሄድ የማይበት ዓይን የለኝም። ለአባቴ ዝም እላለሁ ብዬ ቃል ገብቼ ነበር፤ ይኸው እሱንም ዛሬ አፈረስኩት። የፈለጉትን ያድርጉኝ።"

ሰብለ ወንጌል ይህችን ቃል ስንት ቅዳሜ ጠብቃት ነበር! በጆሮዋ ብቻ፣ በጨለማ፣ በሹክሹክታ ትመጣለች ብላ ነበር የጠበቀቻት። በጠራራ ፀሐይ፣ በጎንደር ሕዝብ ፊት፣ ከንስሐ ጋር ተቀላቅላ መጣች። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ለመጥረግ እንኳ እጇ አልታዘዛትም።

ፊታውራሪ በእጃቸው ያለውን ዱላ ሣሩ ላይ ጣሉ። ከዚያ "አለኸኝ፣ ዱላዎቹን ሰብስብ" አሉና ማንንም ሳያዩ ወደ ማኪናቸው ሄዱ።

ቤት ሲደርሱ ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ፊታውራሪ ጠጁንም ውኃውንም መልሰው ከግቢው የወይራ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። ኋላ አስጠሯት። ሰብለ ወንጌል ፍርዷን ለመስማት የምትሄድ እስረኛ ሆና ከፊታቸው ቆመች።

"ቁጭ በይ" አሉ።

ከትምህርቱ በቀር ከፊታቸው ተቀምጣ አታውቅም። ተቀመጠች።

"ካሸነፍኩ አንድ ቃል ሳትተነፍሺ ትሄጃለሽ ብዬሻለሁ።"

"አዎን አባባ። እሄዳለሁ።"

"እያወቅሽ ነው የተናገርሽው? ዝም ብትይ የልብሽ እንደሚደርስ እያወቅሽ?"

"እያወቅሁ ነው።"

ፊታውራሪ ከመሬቱ ላይ ደረቅ የወይራ ቅጠል አነሡና በጣታቸው አደቀቁት። "እነዚያ የደብረ ታቦር ሽማግሌዎች" አሉ፣ "ስመታ አንድ ቀን ሳያዩኝ፣ 'በጎልፍ በአገር ላይ አቻ የለዎትም አሉ' ብለውኛል። እኔም ደስ ብሎኛል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚነግረኝ። ዕድሜዬን ሁሉ የምወደውን ስሰማ ነው የኖርኩት።"

የቅጠሉን ብናኝ ከጣታቸው አራገፉ። ድምፃቸው ሲቀጥል የእሳቸው አልመስል አላት።

"እናትሽን ሲሰጡኝ ልጅ ነበረች። ስንት ዘመን አብረን ኖርን፤ አንድ ቀን 'አይሆንም' ብላኝ አታውቅም። 'እወዳለሁ'ም 'እጠላለሁ'ም ብላኝ አታውቅም። ሰው ሲያመሰግናት እኮራ ነበር፤ ምን ያለች ጨዋ ሚስት አለችው ሲሉኝ። ሊሞቱ ሲሉ ሰዎች የሚያምራቸው ነገር አለ አይደል? 'ምን ላምጣልሽ ወለተ ሚካኤል?' ብዬ ጠየቅኋት። 'እርስዎ ያሉትን' አለችኝ። በቃ። ምን እንደምትወድ ሳላውቅ ቀበርኳት።"

ሰብለ ወንጌል አባቷ ሲያለቅሱ አይታ አታውቅም። አሁንም አላየችም፤ ፊታቸውን አዙረው ነበርና። ትከሻቸውን ብቻ አየች።

"በአፅሟ ምያለሁ" አሉ። "በአፅሟ የማልኩትን ስለ እሷ ስል አፈርሰዋለሁ። ለነፍስ አባቴ እናዘዛለሁ፤ ንስሐውን እጾመዋለሁ፤ ኃጢአቱ የኔ ነው። አሁን ንገሪኝ። እኔ ያልኩትን ሳይሆን፣ አንቺ የምትወጂውን ንገሪኝ።"

ይህን ያህል ጊዜ ስታወጣው ስታወርደው የኖረችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ማዕረግ ሳትጨምር፣ መምህር ሳትል፣ ስሙን ብቻ አለች።

"ሐብተ ማርያም።"

ፊታውራሪ እሺም አላሉ፣ እምቢም አላሉ። እጃቸውን ሰደዱና፣ በልጅነቷ እንኳ አድርገውት በማያውቁት ዓይነት፣ ፀጉሯን ዳሰሱት። እሷም ያን ጊዜ አለቀሰች፤ ስለ ራሷ ሳይሆን፣ የምትወደውን ሳትጠራ ስለሞተችው እናቷ።